በመስከረም ስለሚመጣ ትካዜ

ጥያቄ፦ ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔን ትካዜ ይጫነኛል። ዘንድሮ ከወላጆቼ ቤት ወጥቼ አዲስ ሥራ ጀመርሁ፤ እንቅልፍም ራቀኝ። ምን ይበጀኛል?

መልስ፦ ልጄ ሆይ፥ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ሰውን ከምድጃው አጠገብ ሰብስቦ፥ የልቡን ጥያቄ ሁሉ «ዝናቡ ያባራ» እያሰኘ ሲያሳድርበት ከቆየ በኋላ፥ ሰማዩ ሲጠራ ያደረው ሁሉ በአንድነት ስለሚነሣ፥ ትካዜሽ ከምስጋና ቢስነት የመጣ አይምሰልሽ። አበው ይህን በሚገባ ያስተዋሉ ይመስለኛል፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቀው ዘመነ ጽጌ፥ ምድር አበባ በተጐናጸፈችበት ወራት፥ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ወደ ግብፅ መሰደድ ታስባለች፤ ካህናቱም ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው የአበባውን ውዳሴና የስደቱን ልቅሶ በአንድ ጉባኤ ያዜማሉ። እንግዲህ አንቺም በአዲሱ ሥራሽ እየተደሰትሽ የወላጆችሽ ቤት ቢናፍቅሽ ማንም ሊነቅፍሽ አይገባም። ማለዳ ፀሐዩ ሳይበረታ ጥቂት መንገድ በእግርሽ ሂጂ፥ የመኝታሽንም ሰዓት አታዛንፊ፤ ሰንበትም ሲሆን እናትሽን ሄደሽ ጠይቂ። ሆኖም ትካዜው ሳይለቅሽ 2 ሳምንት ካለፈ፥ መኖርም ካስጠላሽ ደግሞ ሳምንታቱን ሳትጠብቂ፥ ሳትውዪ ሳታድሪ ወደ ሐኪም ሂጂ።