ስለ ቤተ ሰብ ብዛት ከገቢ ግብር ስለሚደረግ ቅናሽ

ሁለት ሰዎች እኩል ደመወዝ ይቀበላሉ፤ አንደኛው ብቻውን ይኖራል፥ ሁለተኛው ግን ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ያስተዳድራል። ከሁለቱ እኩል ግብር መቀበል ይገባልን? ለዚህ ጥያቄ የእንግሊዝ አገር ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1909 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሚስተር ሎይድ ጆርጅ ባቀረቡት በጀት፥ የዓመት ገቢው ከ500 ፓውንድ የማይበልጥ አባት፥ ከ16 ዓመት በታች ስለ ሆነ ስለ እያንዳንዱ ልጁ 10 ፓውንድ ከገቢው ላይ እንዲቀነስለት ተወሰነ። በ1918 ስለ ሚስት 25 ፓውንድ ተጨመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 10 ፓውንድ ይቀነሳል ማለት መንግሥት 10 ፓውንድ ይሰጣል ማለት አይደለም፤ በ10 ፓውንድ ላይ ሊከፈል የሚገባው ግብር ይቀራል ማለት ነው። በዚያ ዘመን ሰው በሥራው ካገኘው ገቢ በፓውንድ 9 ፔኒ ይከፍል ነበር። ሦስት ልጆች ያሉት ሰው እንግዲህ 30 ፓውንድ ተቀንሶለት 270 ፔኒ ያተርፋል፤ 12 ፔኒ አንድ ሽልንግ፥ 20 ሽልንግም አንድ ፓውንድ ስለ ነበረ፥ ትርፉ 1 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ይሆናል። ይህን ሒሳብ ተማሪዎች በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት ነገሩ ይገለጥላቸዋል።

ነገር ግን ገቢው ከ160 ፓውንድ የማያልፍ ድኻ ከመጀመሪያውም ግብር አይከፍልም ነበርና፥ ዐሥር ልጆች ቢኖሩት እንኳ ከቅናሹ አንዳች አያገኝም። ችግሩ የጸናበት ቤት ሳይረዳ ቀረ ማለት ነው። ደግሞም ትርፉ የሚገባው ወደ አባት እጅ ስለ ሆነ፥ እንጀራውን የምታቀርበው እናት ገንዘቡን ሳታየው ልትቀር ትችላለች።

የምክር ቤት አባል የነበሩት ሚስ ኤሌኖር ራትቦን ስለዚህ ነገር ብዙ ዘመን ተከራከሩ። በ1945 ሕግ ወጥቶ፥ ከ1946 ጀምሮ ከመጀመሪያው ልጅ በቀር ስለ እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ 5 ሽልንግ ለእናቲቱ ይሰጥ ጀመር። ከ1977 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት የልጆች የግብር ቅናሽ ጨርሶ ቀርቶ፥ የመጀመሪያውም ልጅ የሚቈጠርበት ድጎማ ተተካ።

የሚስት ነገር ከዚህም ዘገየ፤ እስከ 1990 ድረስ ያገባች ሴት ገቢ በግብር ሕግ እንደ ባልዋ ገቢ ይቈጠር ነበር።

በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከደመወዝ ላይ ግብር ሲያስከፍል የልጆችን ቍጥር አይመለከትም፤ ባልና ሚስት ደመወዝተኞች ቢሆኑም እያንዳንዳቸው ስለ ራሳቸው ይከፍላሉ።