የማይጨስ ትምባሆ፦ እገዳው ከወረቀት ወደ ሱቅ እንዴት ይደርሳል?

ባለፈው ተርም በስድስተኛ ክፍል አንድ ተማሪ ጥያቄ ብንጠይቀው አፉን መክፈት አቃተው። የታችኛው ከንፈሩ አብጦ ነበር። ጥርሱን ያመመው መስሎን ወደ ክሊኒክ ልንልከው ስንል ወደ ውጭ ሮጦ ተፋ። በከንፈሩ ሥር ይዞት የነበረው በትንሽ ፓኬት የሚሸጥ፣ ሻይ ቅጠል የሚመስል ትምባሆ ነው። ክፍሉን ስንፈትሽ ከሰባት ዴስኮች ሥር ባዶ ፓኬት አገኘን። ዋጋው ከአንድ ብስኩት አይበልጥም።

እኛ መምህራን በዚያው ሳምንት የወላጆች ኮሚቴን ጠርተን «ከእንግዲህ በካምፑ ውስጥ እንዳይሸጥ» ብለን ወሰንን። ቃለ ጉባኤ ተጻፈ፣ ተፈረመ። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄደን ፓኬቶቹን ወሰድንባቸው። «መምህር፣ ዕቃው እኮ የኔ አይደለም፤ በዱቤ ያመጣሁት ነው። ገንዘቡን ማን ሊከፍልልኝ ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ትምባሆ በሌላ ሱቅ፣ ከብስኩት ካርቶን ውስጥ እየወጣ ይሸጥ ነበር።

ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን እንዲህ ያለ እገዳ በሥራ ላይ ሲውል ሌሎች አገሮች ምን እንደገጠማቸው እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። «ጭስ ስለሌለው አይጎዳም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ትምባሆው በድድና በከንፈር መካከል ሲቀመጥ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ባለው ስስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። በብዙዎቹ ዓይነቶች ላይ ኖራ ወይም ሶዳ የሚጨመረው ይህን ስለሚያፋጥን ነው። በሱዳን በኩል ያለፍን ሰዎች የምናውቀው ቶምባክ በአትሩን የሚታሸውም እንዲሁ ነው፤ ናይትሮሳሚን የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል በቶምባክ ውስጥ ተለክቶ የተገኘው መጠን በዓለም ላይ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በማይጨስ ትምባሆ ውስጥ ቢያንስ 28 ካንሰር አምጪ ነገሮች ተገኝተዋል። የአፍ፣ የምግብ ማውረጃ ቧንቧና የቆሽት ካንሰር ያመጣል። (ሱረት የሚስቡ አረጋውያን እንደሚቀየሙን እናውቃለን፤ ይሁን እንጂ ሱረትም ትምባሆ ነው።)

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ኡጋንዳ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ በ2015 ወጥቶ በ2016 በሥራ ላይ ውሏል። የማይጨስ ትምባሆን፣ ሺሻንና የኤሌክትሪክ ሲጋራን ወደ አገር ማስገባት፣ ማምረት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ይከለክላል። ማንኛውንም ትምባሆ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም ክልክል ነው። አንድ ትልቅ የሲጋራ ኩባንያ ሕጉን በመቃወም ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ቢያመለክትም በ2019 ውድቅ ተደርጎበታል። እኛ ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ ሕጉ ዓመታት አስቆጥሮ ነበር ማለት ነው። አላወቅንም ነበር። ዕቃ የመውረስ ሥልጣንም እንደሌለን የተረዳነው ከወረስን በኋላ ነው።

ብዙ የሚያስተምረው የህንድ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ጉትካ የሚባል ነገር አለ፤ ትምባሆ፣ አሬካ የሚባል የዘንባባ ፍሬና ኖራ ተቀላቅሎ በትንንሽ ፓኬት ይሸጣል። መንግሥት በ2011 ባወጣው የምግብ ደንብ ትምባሆና ኒኮቲን በማንኛውም ምግብ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከለ። ጉትካ የሚበላ ነገር ነው ተብሎ በዚሁ ደንብ ተያዘ። በ2012 ማድያ ፕራዴሽ የተባለው ክፍለ ግዛት ቀድሞ አገደው፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? ፓኬቱን ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ፓን ማሳላ የሚባለውን ትምባሆ የሌለበት ቅልቅል፣ በሌላው ትምባሆውን ብቻ አደረጉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሰቅለው ይሸጣሉ፤ ገዢው ራሱ እጁ ላይ ቀላቅሎ አፉ ውስጥ ይጨምራል። ፓን ማሳላው ምግብ ነው፣ ትምባሆ የለበትም፤ ትምባሆው ደግሞ ምግብ አይደለም፣ ስለዚህ የምግቡ ደንብ አይነካውም ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ይህን መንታ ፓኬት የሚመለከት ትእዛዝ እስከ መስጠት ደረሰ። ሌላም ችግር ነበር። የክፍለ ግዛቶቹ እገዳ በሕጉ መሠረት ከአንድ ዓመት በላይ አይጸናም፤ በየዓመቱ ካልታደሰ ይወድቃል።

ይህን ስናነብ የራሳችን ካርቶን ትዝ አለን። እኛ የከለከልነው አንድን ፓኬት በስሙ ነበር። ያገኘነው ፓኬት ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «የአፍ ጠረን ማሳመሪያ» የሚል ነው፤ ትምባሆ የሚለው ቃል በደቃቅ ፊደል ከጀርባው ነው ያለው። መታገድ የነበረበት በውስጡ ያለው ነገር እንጂ የወጣለት ስም አይደለም።

ቅጣትን በተመለከተ ቡታንን እንይ። በሂማላያ ተራሮች የምትገኘው ይህች ትንሽ አገር በ2004 የትምባሆ ሽያጭን በሙሉ አገደች፤ በ2010 ሕጉን አጠነከረች። በ2011 ዋጋው ጥቂት ዶላር የሆነ የሚታኘክ ትምባሆ ይዞ የተገኘ አንድ ወጣት መነኩሴ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ሕጉም በ2012 ተሻሻለ። ኮንትሮባንዱ ግን አልቆመም፤ በ2021 ሽያጩ እንደገና ተፈቀደ። ከጉልት ፊት ቆመን ዕቃ ስንቀማ እኛም የተያያዝነው ይህንኑ መንገድ ነበር።

ሁለተኛውን ስብሰባ የጠራነው ቸርቻሪዎቹን እናቶች ጨምረን ነው። ከኢንሴንቲቫችን አዋጥተን የወሰድነውን ፓኬት ዋጋ ለእኒያ እናት መለስን፤ ዱቤያቸውን ከፈሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬው የወጣው፦ ዕቃው በራሽን ቀን በቦዳ ቦዳ ይመጣል፣ የሚያከፋፍለውም አንድ ሰው ነው። ይህን በጽሑፍ አድርገን፣ ፓኬቱን አያይዘን ለካምፑ አስተዳደር ቢሮ ሰጥተናል፤ ጉዳዩ በፖሊስ እጅ ነው። እናቲቱ አሁን ዳቦ ይሸጣሉ። ትርፉ ከበፊቱ እንደሚያንስ ሳይደብቁ ይነግሩናል።

የተማሪዎቹ ነገር ጊዜ ይጠይቃል። ሱሱን የሚያቆም ልጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ራሱን ያመዋል፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይቀልለዋል። በእነዚያ ሳምንታት ተማሪን ከክፍል ላለማባረር ተስማምተናል፤ ቆሎ በኪሱ ይዞ እንዲገባም ፈቅደናል። በመግቢያችን ያነሳነው ልጅ ሁለት ጊዜ አቁሞ ሁለቴ ተመልሶበታል። አሁን ሦስተኛውን እየሞከረ ነው።

ወላጆች የልጆቻችሁን ከንፈርና ድድ ገልጣችሁ እዩ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ወይም ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካለ ሳትውሉ ሳታድሩ ክሊኒክ ውሰዱት።

ባዶ ፓኬት ያገኘ ሁሉ፣ በማንኛውም ቋንቋ የተጻፈ ቢሆን፣ በመምህራን ቢሮ በር ላይ ባስቀመጥነው ካርቶን ውስጥ ይጣልልን። ያመጣውን ልጅ ከየት አገኘኸው ብሎ የሚጠይቀው የለም።