ሴቶችን በድንገት ስለሚያገኛቸው የልብ ሕማም፤ ምልክቱም በምን እንዲታወቅ

ልብ በደረት ውስጥ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ወደ ግራ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ፥ መጠኑም የባለቤቱን ጭብጥ የሚያህል ብልት ነው። ሥራውም ደምን ተቀብሎ ወደ ሰውነት ሁሉ መርጨት ነው። በዕረፍት ላይ ያለ የጐልማሳ ሰው ልብ በአንድ ደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል። ተማሪ ይህን በሰሌዳው ላይ ቢያበዛው፥ በአንድ ሰዓት 4,200፥ በአንድ ቀንና ሌሊት ደግሞ 100,800 ጊዜ ሆኖ ያገኘዋል። እጅ ከሥራ ያርፋል፥ እግርም ከመንገድ ያርፋል፤ ልብ ግን ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ሥራውን አይተውም።

እንዲህ ያለ ሠራተኛ የራሱ ቀለብ ያስፈልገዋል። ልብ በጓዳዎቹ በሚያልፈው ደም አይመገብም፤ ቀለቡን የሚያገኘው ከላዩ እንደ አክሊል ከበውት ወደ ሥጋው ከሚሠራጩት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። የመስኖ እርሻ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። ወንዙ ሞልቶ ሲፈስ ሳለ ወደ አንዱ መደብ የሚወስደው ቦይ በደለል የተደፈነ እንደ ሆነ፥ ያ መደብ በወንዝ ዳር ሆኖ ይደርቃል። በእነዚህ የደም ሥሮች ግድግዳም ስብነት ያለው ነገር በብዙ ዓመት ቀስ በቀስ ይለጠፋል። ከዕለታት አንድ ቀን የተለጠፈው ነገር ይሰነጠቅና በላዩ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም መንገዱን ይዘጋል። ከዚያ ሥር ይመገብ የነበረው የልብ ሥጋ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ሰዓቱም በረዘመ መጠን የሚሞተው እየሰፋ ይሄዳል። የሞተውም ጠባሳ ሆኖ ይቀራል እንጂ እንደ ቀድሞው ተመልሶ አይሠራም። የልብ ድንገተኛ ሕማም የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ይህን «የልብ ድካም» ብሎ ይጠራዋል፤ ነገር ግን በሐኪሞች ዘንድ የልብ ድካም ሌላ ነው፤ ይኸውም ልብ ጕልበቱ አንሶ ደምን በሚገባ መርጨት ሲያቅተው ነው።

ይህ ሕማም በተነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ በዓይነ ልቡናው የሚያየው አንድ ሥዕል አለ፤ አንድ ጐልማሳ ወንድ ደረቱን በእጁ ጨብጦ ሲወድቅ። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም፥ ነገር ግን ጎደሎ ነው። አመጣጡም የቈየ ነው። ዶክተር ዊልያም ሄበርደን የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1768 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው) በሎንዶን ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ስለ ደረት ጭንቀት ሕማም ንግግር አደረጉ። ካዩአቸውም አንድ መቶ ያህል በሽተኞች ውስጥ ሴቶቹ ሦስት ብቻ እንደ ነበሩ በኋላ ጽፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ የተነሡትም ሐኪሞች የወንዱን ሕማም እያዩ የወንዱን ምልክት ጻፉ፤ ተማሪዎቻቸውም ይህንኑ ተማሩ። ዛሬ ግን በዓለም ላይ ከማናቸውም ሕማም ይልቅ ብዙ ሴቶችን የሚገድለው የልብና የደም ሥሮች ሕማም መሆኑ ተረጋግጧል። በ1991 ዓ.ም. ዶክተር በርናዲን ሂሊ የተባሉ አሜሪካዊት የልብ ሐኪም፥ ሴት ሕማሟ እንደ ወንድ ሕማም ካልሆነ በቀር በሚገባ እንደማትታከም በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈው ነበር። ለዚህም ምሳሌ ያደረጉት፥ ለመማር ስትል የወንድ ልብስ መልበስ ግድ የሆነባትን የንትል የተባለችውን የልብ ወለድ ታሪክ ልጃገረድ ነው።

ሴቶቹን ራሳቸውን መጠየቅ የተገባ ነበርና፥ በአሜሪካ የአርካንሳ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ሙያ ሊቅ የሆኑት ጂን ማክስዊኒና ባልደረቦቻቸው ይህ ሕማም አግኝቷቸው በሕይወት የተረፉትን 515 ሴቶች ጠየቁ። መልሱንም በ2003 ዓ.ም. አሳተሙ። ከመቶው ሴቶች 70 የሚሆኑት ሕማሙ ከመነሣቱ አስቀድሞ ያልለመዱት ድካም ተሰምቷቸው ነበር፤ 48 የሚሆኑት እንቅልፍ አጥተው ነበር፤ 42 የሚሆኑትም ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። ሕማሙ በተነሣበት ሰዓትም ከመቶው 43 የሚሆኑት ደረታችንን አላመመንም አሉ።

ይህን ቍጥር የሰማ ሰው ግን የደረት ሕማም በሴት ላይ አይታይም ብሎ እንዳይደመድም ይጠንቀቅ። ከእኩሌታ የሚበልጡት ደረታቸውን አመማቸው እኮ። በሴትም ቢሆን በወንድም ቢሆን ከምልክቶች ሁሉ የሚበዛው በደረት ላይ የሚሰማው ነው። ችግሩ አንዳንድ ጊዜ በጥያቄው ላይ ነው። ብዙ ሴቶች የሚሰማቸው እንደ ጦር የሚወጋ ሕማም ሳይሆን ክብደት ነው፤ ድንጋይ የተጫነ ወይም ጠፍር የጠበቀ ይመስላቸዋል። ስለዚህ «እናቴ፥ ደረትሽን ያምሻል ወይ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ «የለም» የሚል መልስ ተቀብሎ ይሄዳል፤ «ደረትሽን ይከብድሻል ወይ? ይጫንሻል ወይ? ያፍንሻል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ሌላ መልስ ይሰማ ይሆናል። የጎረቤት ባልቴትም እንዲሁ «ይከብድዎታል ወይ? ያፍንዎታል ወይ?» ተብለው ይጠየቁ። መምህሩ እነዚህን ጥያቄዎች ተማሪዎቹ በቃላቸው እስኪይዙ ድረስ ቢያስደግማቸው መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግረው ድካም ነው። በባላገር ያለች እናት ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ እሳት ታነዳለች፥ ውኃ ትቀዳለች፥ እንጨት ትለቅማለች፥ እንጀራ ትጋግራለች፥ ልጅ ታዝላለች፤ ማታ «ደከመኝ» ብትል የሚደነግጥ የለም። ራስዋም አትደነግጥም። እንዲህ ከሆነ ድካም ምልክት የሚሆነው በምን ይታወቃል? የሚታወቀው ከቀድሞው በመለየቱ ነው። ከምንጩ እስከ ቤቷ አንድ ጊዜ ብቻ አርፋ እንስራዋን ታደርስ የነበረች ሴት ከጥቂት ሳምንት ወዲህ በዚያው መንገድ አራት ጊዜ የምታርፍ እንደ ሆነ፤ ሊጥ ማቡካት ጀምራ ክንዷ ዝሎ የምትተወው እንደ ሆነ፤ ሌሊቱን ተኝታ አድራ ጧት እንዳልተኛች ሆና የምትነሣ እንደ ሆነ፥ ይህን የሥራ ድካም ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። የሥራ ድካም በዕረፍት ይለቃልና። እርግጥ የደም ማነስ ወይም ሌላ ሕማም ሊሆን ይችላል፤ ያን መርምሮ መለየት የሐኪም ፈንታ ነው። የቤተ ሰቡ ፈንታ መለወጡን ማየት ነው፤ ይህንንም ከእናቱ ጋር ወንዝ ከሚወርድ ልጅ የተሻለ የሚያይ የለም።

ሁለተኛው አሳሳች ሆድ ነው። ማቅለሽለሽ፥ ማስመለስ፥ ከደረት አጥንት በታች ማቃጠልና መክበድ የልብ ሕማም በሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚለብሳቸው ልብሶች ናቸው። በአገራችን የጨጓራ ሕማም እጅግ የታወቀ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ሁሉ «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ተብሎ በተልባ ይታለፋል። ቋንቋችንም በዚህ ነገር ረዳት አይሆነንም። የጨጓራ ቃጠሎ ሲነሣ «ልቤን አቃጠለኝ» እንላለን፤ ቋንቋው የሆድን ሕማም በልብ ስም ሲጠራ፥ ይህ ሕማም ደግሞ የልብን ችግር በሆድ ያሳያል። በጥቂቱ የሚለይበት መንገድ ግን አለ። ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሡ የሚመጣ፥ ቆመው ሲያርፉም የሚለቅ ቃጠሎ ከበሉት ምግብ ይልቅ ወደ ልብ ያመለክታል። በዕረፍት ጊዜ ሳለ በድንገት መጥቶ አልለቅ ያለ፥ ብርድ ብርድ የሚል ላብና የትንፋሽ ማጠር የተከተለውም እንደ ሆነ፥ ጨጓራ ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ሕማሙ ወደ ጀርባ በትከሻ አጥንቶች መካከል፥ ወደ አንገት፥ ወደ መንጋጋ፥ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሁለቱ ክንድ ሊሄድ ይችላል። ጥርሷን የታመመች መስሏት በመንጋጋዋ ቅርንፉድ የምትይዝ ሴት አትጠፋም። ራስ ማዞርና ያለ ምክንያት መጨነቅም አለ። ይህ ሁሉ በእኛ ዘንድ ብርድ፥ ውጋት ወይም ምች የሚል ስም አለው፤ ለምችም ዳማከሴ ጨምቆ ማጠጣት ከአባቶች የመጣ ልማድ ነው። ዳማከሴን የሚነቅፍ ቃል እዚህ አንጽፍም፤ ነገር ግን የረጋ ደም የዘጋውን የልብ ሥር አይከፍትም፥ እስኪሠራ ሲጠበቅም ሰዓቱ ያልፋል።

ይህ ሕማም በሴቶች ላይ እንዲህ ተለውጦ የሚታይበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። የሴት ልብ ሥሮች ከወንድ ይልቅ ቀጫጭን ናቸው፤ ችግሩም አንዳንድ ጊዜ በትልቁ ሥር ሳይሆን በጥቃቅኖቹ ቅርንጫፎች ላይ ይሆናል። ስብ ሳይለጠፍበት የሥሩ ግድግዳ ከውስጥ ተሰንጥቆ መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ ይህም በብዛት የሚያገኘው ገና ያላረጁትን ሴቶች፥ አንዳንዴም በቅርብ የወለዱትን ነው። የስኳር ሕማም ያለባት ሴት ደግሞ ነርቮቿ ስለሚደነዝዙ ሕማሙ ሳይሰማት ሊያልፍ ይችላል።

ልማደ አንስት እስኪቀር ድረስ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ከዚህ ሕማም የተጠበቁ ናቸው፤ ከቀረ በኋላ ግን ጥበቃው እየሳሳ ይሄዳል። ደም ብዛት፥ የስኳር ሕማም፥ ትምባሆ፥ እንዲሁም ጭስ በማያስወጣ ጎጆ ውስጥ ዕድሜ ልክ የምድጃ ጭስ መማግ ሥሮቹን ይጎዳሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው፤ በእርግዝናዋ ወራት ደም ብዛት ወይም የስኳር ሕማም የነበረባት ሴት፥ ከወለደች በኋላ ቢለቃትም እንኳ ከብዙ ዓመት በኋላ ለልብ ሕማም ከሌሎች ይልቅ የቀረበች ናት። ስለዚህ እናቶች ይህን ለሐኪም ሳይጠየቁ መናገር አለባቸው። በአገራችን ደግሞ በልጅነት ከጕሮሮ ሕማም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሽ ሌላ ሕማም ስላለ፥ በወጣት ሴት ላይ የሚታይም የትንፋሽ ማጠር ሊናቅ አይገባም።

ሴቶች ወደ ሕክምና የሚዘገዩበት ምክንያት አለማወቅ ብቻ አይደለም። ሊጡ ቦክቷል፥ ላሟ አልታለበችም፥ ባሏ ከገበያ አልተመለሰም፥ ልጆቹን የሚይዝ የለም። ሕማሟን ውጣ መሥራት ለሴት ምስጋና ሆኖ ኖሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ተናግራ ያልተሰማች ሴት ደበቀች አትባልም። ጥፋቱ የሰሚው ነው።

ምልክቱ የታየ እንደ ሆነ ሴትዮዋን ከምድር ላይ አስቀምጦ ጀርባዋን ማስደገፍ፥ ጕልበቷን ማጠፍ፥ መቀነቷንና የጠበቀ ልብሷን ማላላት ይገባል። በእግሯ እንድትሄድ አይፈቀድም፤ መኪና ከማይገባበት ስፍራ በቃሬዛ ትወሰድ። አንድ ሰው ከአጠገቧ ሳይለይ፥ ሌላው ወደ ጤና ኬላ ሮጦ ወይም ስልክ ደውሎ አምቡላንስ እንዲመጣ ያስነግር። ምግብ፥ አረቄ፥ የተጨመቀ ቅጠልም አይሰጣት። አስፒሪን በቅርብ ካለ፥ የማይስማማትም ወይም የሚደማ የጨጓራ ቍስል ያለባት ካልሆነች፥ የጤና ባለሙያው ሲፈቅድ 300 ሚሊግራም አላምጣ ትዋጥ። ትንፋሿ የተቋረጠ እንደ ሆነ፥ በጠንካራ ስፍራ በጀርባዋ አስተኝቶ የደረቷን መካከል በሁለት እጅ መዳፍ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች እየተጫኑ፥ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ሳያቋርጡ መሥራት ነው።

የጤና ባለሙያው ዘንድ ሲደረስ አስቀድሞ የሚነገረው ሰዓቱ ነው፤ መቼ እንደ ጀመረ፥ ምን ስትሠራ እንደ ነበረ፥ ባለፉት ሳምንታትስ ምን እንደ ተለወጠባት። «ጨጓራዋን ነው» ብሎ መጀመር አይገባም፤ የሰማውን ሰው ወደዚያው ይመራዋልና። የልብን አመታት በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ በሌለበት ጤና ጣቢያ፥ ወደ ሆስፒታል እንድትላክ መጠየቅ ነውር አይደለም። መሣሪያው ባለበትም መጀመሪያ የተነሣው ጽሑፍ ደኅና ቢመስል ሕማሙ የለም ማለት አይደለም፤ ጥቂት ቈይቶ ደግሞ ይነሣል፥ የተጎዳ የልብ ሥጋ ወደ ደም የሚያፈሰውም ነገር በደም ምርመራ ይፈለጋል። ሕማሙ ተረጋግጦ የልብ ሥሯ የተዘጋ የሆነ እንደ ሆነ፥ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣታል፤ ወይም ባለበት ስፍራ ቀጭን ቱቦ በክንድ ወይም በእግር የደም ሥር ገብቶ መንገዱ ይከፈታል። ሁለቱም የሚበልጠውን ጥቅም የሚሰጡት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው።