ገዢዋ እፍኙን ስታይ ምን ታያለች? የነጭ ጤፍ ነገር

ማርኬቲንግ ወይም ግብይት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ማስታወቂያ ነው። በሬዲዮ የሚነገር፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ድምፅ ማጉያ በተጫነ መኪና ከተማ ለከተማ የሚዞር ነገር። ማስታወቂያ ግን የነገሩ መጨረሻ ነው። ከሱ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ዕቃውን የሚገዛው ሰው ዕቃውን ሲያየው ምንድን ነው የሚያየው? ሻጩ የሚያየውን ነገር ገዢውም ያየዋል ብሎ መነሳት ብዙ ነጋዴ የከሰረበት መንገድ ነው።

ቴዎዶር ሌቪት የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ የአሜሪካን የባቡር ኩባንያዎች ምሳሌ አድርጓል። ኩባንያዎቹ «ሥራችን ባቡር ነው» ብለው አሰቡ። ደንበኛው ግን የሚፈልገው ካሰበበት መድረስን ነበርና መኪናና አውሮፕላን ሲመጣለት ትቷቸው ሄደ። ምሳሌው ጥሩ ነው፣ ግን ለእኛ ትንሽ ይርቃል። ባቡር ጎጃም መቼ ደረሰና!

ስለዚህ እስቲ በየቤታችን ባለው ነገር እንየው፤ በጤፍ። ከማርቆስ ወጥቶ ወደ ቢቸናም ሆነ ወደ ደጀን ለሚሄድ ሰው ጤፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። የቤት ኪራያችንም የደብተራችንም ገንዘብ የሚወጣው ከዚያው ጆንያ ነው። እኔ ይህን ርዕስ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

ቢሾፍቱ ያለው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ጤፍን በማሻሻል ብዙ ዘመን ሠርቷል። ከማዕከሉ ዝርያዎች ሁለቱን እንውሰድ። አንዱ ዲዜድ 01-974 ወይም «ዱከም» የሚባለው ሲሆን ምርቱ ከፍተኛ ነው። ሌላው ዲዜድ 01-196 ወይም «ማኛ» ነው፤ ፍሬው በጣም ነጭ፣ ምርቱ ግን አነስተኛ። በሄክታር ስንት ኩንታል ተገኘ ብሎ ለሚቆጥር ሰው ውድድሩ እዚሁ ላይ አልቋል፤ ዱከም አሸንፏል። ገበሬው ግን ዱከምን እንደታሰበው አልተቀበለውም። ዋናው ምክንያት የፍሬው ቀለም ነው። የዱከም ነጭነት ደብዘዝ ያለ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በየስብሰባው የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ «ገበሬው አዲስ ነገር ይፈራል፣ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በገበያ ቀን ጤፍ ተራ ሄዶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ማየት ይበቃል። ገዢዋ እጇን ጆንያው ውስጥ ከታ ከሥር እፍኝ ታወጣለች፤ ከላይ ያለው ተመርጦ የተጨመረ ሊሆን ይችላላ! በመዳፏ ታሸት ታሸትና እፍ ትላለች። አፈር አለው ወይ? አሸዋስ? ከዚያ ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ ቀለሙን ታያለች፣ ጥቂት ፍሬም ወደ አፏ ጣል ታደርጋለች። ካልጣማት ምንም ሳትናገር ወደሚቀጥለው ጆንያ ትሄዳለች። በሄክታር ስንት ኩንታል እንደተገኘ አትጠይቅም። ምን አገባት?

ታዲያ ገበሬው ዘር ሲመርጥ ዓይኑ ላይ ያለችው እሷ ናት። በእሱና በእሷ መካከልም ነጋዴ አለ፤ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የሚያራግፈው። እሱም በበኩሉ የሚያስበው ጤፉን እዚያ የምትገዛውን ባለ እንጀራ ነው። ዋጋው ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እየተባለ በቀለም ይለያያል። ማኛ የሚለው ቃል ራሱ ገበያ ላይ የምርጥ ነጭ ጤፍ መጠሪያ ሆኗል። ለዘር አቅራቢው ገበሬው ደንበኛ ነው፤ ይህ ደንበኛ ግን የራሱ ደንበኛ አለው፣ ያም እንደዚሁ የራሱ አለው። ሒሳቡን ለማየት እንዲመች ቁጥር ልፍጠርና፣ 15 ኩንታል በ100 ብር ቢሸጥ 1,500 ብር ነው፤ 12 ኩንታል በ130 ብር ቢሸጥ ደግሞ 1,560። ያውም ለ3 ኩንታል የሚወጣውን የአጨዳ፣ የውቂያና የጭነት ድካም ሳንቆጥር። እንግዲህ ግንዛቤ የጎደለው ማን ነው?

ተመራማሪዎቹ ግን ሊመሰገኑ ይገባል፣ ነገሩን አይተውታል። ሁለቱን አዳቀሏቸው። የአንዱን ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር የያዘው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቀቀ። የምዝገባ ስሙ ዲዜድ ሲአር 387 ነው። ይህን ማን በቃሉ ይይዛል? ለገበሬው ያወጡለት ስም «ቁንጮ» ነው። ጥሩ ማስታወቂያ ከተባለ ይህ ነው፤ በአንድ ቃል ያለቀ። በገበሬ ማሳ ላይ በሄክታር 20 ኩንታልና ከዚያም በላይ ሰጥቷል። ከገበሬ ወደ ገበሬም እየተላለፈ በአገሪቱ በስፋት ከታወቁት የጤፍ ዝርያዎች አንዱ ለመሆን በቃ።

በተቃራኒው ደግሞ በመስመር መዝራትን እንመልከት። በወቅቱ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጤፍ በመስመር እንዲዘራ ብዙ ደክሟል። ሐሳቡ የዘር መጠን ይቀንሳል፣ ተክሉም አየርና ብርሃን ያገኛል የሚል ነው፤ ስህተት የለበትም። ነገር ግን የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህን በእጅ እየቆነጠሩ በመስመር ማስፈር፣ ያውም ዝናቡ በሚጣደፍበት ሰሞን፣ የስንት ሰው ጉልበት ይበላል? ባለሙያው በሄክታር ሲለካ ገበሬው በቀን ይለካ ነበር። ብዙ ሰው ሞክሮ ወደ ብተናው የተመለሰው ለዚህ ይመስለኛል።

ጭዱም እንዲሁ የሚረሳ ነገር ነው። በከተሜ ዓይን ጤፍ ማለት ፍሬ ነው። ለገበሬው ግን ጭዱ የከብት መኖ ነው፣ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ቤት ይመረግበታል፣ ሲተርፍም ይሸጣል። ጤፍ በቀላሉ ስለሚተኛ አገዳው ቢያጥር ይሻላል ብሎ ማሰብ ይቻላል፤ ግን ጭዱ ሲያንስ በሬው ምን ሊበላ ነው?

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ከዚህ አንተርፍም። ስለ እርሻ የሚሠሩ ዜናዎቻችንን አንብቡ፤ «በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ተገኘ» ይላሉ፤ ምንጩ ጽሕፈት ቤቱ ነው። በስንት ተሸጠ፣ ማን ገዛው፣ ማን ሳይገዛ አለፈ የሚለው ግን አይጠየቅም።

ገዢዋም ብትሆን አንድ ቦታ አትቆምም። ቀይ ጤፍ ድሮ የድሃ ቤት እንጀራ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አይቀርብም። አሁን ግን «ደም ይሞላል፣ አይረን አለው» ብሎ ጠይቆ የሚገዛ ከተሜ መጥቷል። (በነገራችን ላይ፣ በጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን የተወሰነው በውቂያ ጊዜ ከአውድማው አፈር የሚገባ ነው።) ለሚቀጥለው የተግባር ሥራ ርዕስ ያጣ ተማሪ ካለ ማርቆስ ገበያ ወርዶ የቀይ ጤፍ ጆንያ አጠገብ ይቀመጥ፤ ማን እንደሚመጣ፣ ከመግዛቱ በፊት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ ሻጩም ምን ብሎ እንደሚመልስለት ይመዝግብ።