ወርቅ የተለበጠ ወንፊት

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ አመሻሽ ላይ። ጠያቂዋ የምህንድስና ምሩቅ ናት፤ መላሹ በሙያው ያረጁ መምህር።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ በአውሮፓ የጠፈር ድርጅት አዲስ ምሩቃን ለአንድ ዓመት ያህል ገብተው የሚሠለጥኑበት መንገድ አለ። ከዘርፎቹ አንዱ ለጠፈር አንቴና የሚሆኑ ቁሶችን መፈተን ነው ይባላል። እውነቱን ልንገርዎትና አልተዋጠልኝም። ይህን ሁሉ ዓመት ምህንድስና ተምሮ ናሙና ሲጎትቱና ሲያሞቁ መዋል ምን የሚሉት ሥራ ነው? ንድፉ የሌላ፣ ስሙም የሌላ።

ጋሼ፦ ስሙን ለጊዜው እንተወው፤ መጀመሪያ ዕቃውን እንየው። እዚያ ጀልባው አጠገብ መረብ የሚጠግነውን ሰው ተመልከቺ። የመረቡ ዓይን ለትንሿ ዓሣ በር ነው፣ ለቆሮሶ ግድግዳ። ትልልቆቹ የጠፈር አንቴናዎች የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ከፀጉር የቀጠነ የሞሊብዲነም ሽቦ ወርቅ ይለበጥና እንደ ሹራብ ይሠራል። ብርሃን በቀዳዳው ይሾልካል፤ ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር የሬዲዮ ሞገድ ግን ሚሊ ሜትር በምታህል ቀዳዳ ማለፍ ስለማይችል ይመለሳል። 12 ሜትር የሚሰፋ ደረቅ ሳህን የሚሸከም ሮኬት የለም፤ መረቡ ግን እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ይሄዳል። በ2017 ዓ.ም. ብቻ ባለ 12 ሜትር አንቴና የያዙ ሁለት ሳተላይቶች ወጥተዋል፦ የደንን ክብደት የሚለካው የአውሮፓው ባዮማስ፣ ሌላው የህንድና የአሜሪካው ኒሳር። ደግሞ ሹራብ ያልኩሽ ለምሳሌ ብቻ አይደለም። ካልሲሽ ላይ አንዲት ክር ስትበጠስ ወደ ታች እየተረተረ ይሄዳል አይደል? የአንቴናው መረብ እንዲህ እንዳይሆን ትሪኮ በሚባለው አሠራር ይጠለፋል፤ አንዱ ሽቦ ቢበጠስ ጎረቤቱ ይይዘዋል። ይህን ያመጣው ከጨርቅ ፋብሪካ የወጣ ዕውቀት ነው።

ጠያቂ፦ ጥበቡስ ጥበብ ነው። ግን ዛሬ ኮምፒውተር አለ። ሁሉን አስልቶ ማወቅ እየተቻለ ፈተናው ለምን?

ጋሼ፦ ኮምፒውተር የሚያሰላው የሰጡትን ቁጥር ነው። ቁጥሩን ማን ሰጠው ብትዪ ፈታኙ ነው። አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ ሙቀት፣ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት 23 ማይክሮ ሜትር ይረዝማል። 12 ሜትር ዘንግ ከጥላ ወደ ፀሐይ ወጥቶ በ200 ዲግሪ ቢሞቅ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ተለጠጠ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ይህን አስቢ፦ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ሞገድ የተሠራ አንቴና ገጹ በአማካይ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢዛባ ከጉልበቱ ሲሶውን ያጣል። (በረዶ የጎዳው የጣሪያ ዲሽ ጣቢያ የሚጥለውም በዚሁ ምክንያት ነው።) የካርቦን ፋይበር የሚመረጠው በሙቀት እምብዛም ስለማይለጠጥ ነው፤ ግን «እምብዛም» የሚለው ስንት እንደሆነ በየክሩ አቀማመጥና በየሙጫው ይለያያልና መለካት አለበት። ሙጫው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ አየር በሌለበት ቦታ ይተናል፣ ትነቱም ሄዶ መስተዋት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ናሙናው አየር በተመጠጠበት ሣጥን ውስጥ 24 ሰዓት በ125 ዲግሪ ይሞቃል። ከክብደቱ ከመቶ አንድ በላይ ከቀነሰ ይጣላል። የሽቦና የሽቦ ንክኪ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። መረቡ ላልቶ ሽቦዎቹ ጥሩ ካልተነካኩ ሁለት ጠንካራ ምልክቶች እዚያች ነጥብ ላይ ተደባልቀው ማንም ያልላከው ሦስተኛ ምልክት ይወለዳል፤ ተቀባዩንም ያደነቁረዋል። ወርቁ ለጌጥ አይደለም፤ ንክኪው ዝገት እንዳይዝ ነው። ይህን በስሌት ብቻ የሚነግርሽ ሰው ካገኘሽ አትመኚው።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ግን አንዴ ተለክቶ በመጽሐፍ ገብቷል። ያለፈን ነገር ደግሞ መፈተን ሥራ ማብዛት አይሆንም?

ጋሼ፦ ጋሊልዮ የተባለችውን መንኮራኩር ታውቂያታለሽ? ወደ ጁፒተር የሄደችውን። 4.8 ሜትር የሚሰፋ፣ 18 የጎድን አጥንት ያለው፣ ልክ እንዳልኩሽ ወርቅ የተለበጠ የመረብ ጃንጥላ ነበራት። መሬት ላይ ተፈትኖ ተከፍቷል፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1986 የቻሌንጀር መንኮራኩር ስትፈነዳ፣ ጋሊልዮም በእሷው ዓይነት መንኮራኩር ተጭና የምትወጣ ነበረችና፣ ጉዞው ሦስት ዓመት ተራዘመ፤ አንቴናው ተጣጥፎ በከባድ መኪና ከካሊፎርኒያ ፍሎሪዳ፣ ከፍሎሪዳ ካሊፎርኒያ፣ እንደገናም ወደ ፍሎሪዳ ተመላለሰ። በጥቅምት 1989 ወጣች። በሚያዝያ 1991 ይከፈት ቢሉት ጥቂት የጎድን አጥንቶች ተጣብቀው ቀሩ። መርማሪዎቹ የደረሱበት እንዲህ ነው፦ በመኪናው ንቅናቄ ደረቁ ቅባት ከመያዣ ካስማዎቹ ላይ ተፍቆ አልቋል፤ ከበረራው በፊትም አልታደሰም። አየር ባለበት የተፋቀ ብረት ወዲያው ስስ የዝገት ልባስ ያወጣና ያ ልባስ ከመጣበቅ ያድነዋል። ጠፈር ላይ ኦክስጅን የለም፤ እርቃኑን የቀረ ብረት እርቃኑን የቀረ ብረት ይይዛል። በሰከንድ 134,000 ቢት ትልካለች የተባለችው መንኮራኩር በሌላዋ ትንሽ አንቴናዋ ብዙ ተደክሞላት ከ160 ቢት ብዙም አላለፈችም። እና ፈተናው ውሸት ነበር? አልነበረም። የፈተኑት ከመንገዱ በፊት የነበረውን አንቴና ነው፤ ወደ ጠፈር የወጣው ከመንገዱ በኋላ ያለው ነው። ፈተና ማለት «ይህ ዕቃ ደህና ነው» ብሎ ማኅተም መምታት አይደለም። ዕቃው በምን በኩል ሊከዳ እንደሚችል ቀድሞ ማሰብ ነው፤ የጭነት መኪናውን ጭምር። ንድፍ ሠሪው ዕቃው እንዲሠራ ይመኛል፣ ምኞቱም ዓይኑን ይጋርደዋል። ለዚህ ነው ፈታኙን ዝቅ አድርጌ የማላየው።

ጠያቂ፦ ይህ ሁሉ ለእነሱ ነው። ሥልጠናው በአመዛኙ ለአባል አገሮች ዜጎች ነው፤ የእኔ ፓስፖርት አያስገባም። ደግሞስ የጠፈር አንቴና ለእኛ ቅንጦት አይደለም?

ጋሼ፦ በሩ መዘጋቱ እውነት ነው፤ አላጽናናሽም። ቅንጦት ያልሽውን ግን አልቀበልም። ኢቲአርኤስኤስ-1፣ 72 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የአገራችን ሳተላይት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትወጣ የእኛ ባለሙያዎች በሥራው ነበሩበት፤ መረጃዋም እንጦጦ ላይ ይወርድ ነበር። ሠሪም ሆንን ገዢ፣ የሚቀርብልንን ዕቃ «በዚህ በኩል አሳየኝ» የሚል ሰው ያስፈልገናል። የማይፈትን ገዢ የሻጩን ወረቀት ያምናል፤ ይህ ለሳተላይት ብቻ ሳይሆን ለቆርቆሮም ለኤሌክትሪክ ገመድም ነው። የፈታኝነት ጠባይ ደግሞ ሰማይ ላይ አይጀምርም። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የዚህ ከተማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቅና ልብስ ይሠራል። መደበኛው የጨርቅ ፈተና ናሙናው ከመሳቡ በፊት 20 ዲግሪና 65 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል እንዲያርፍ ያዝዛል፤ ጥጥ እርጥበት ሲጠጣ ጥንካሬው ይለወጣልና። ከጠፈሩ ላቦራቶሪ ጋር አንድ ሐሳብ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የጨርቅ ፈተና እኮ የውጭ ገዢን ፎርም መሙላት ነው። አለፈ፣ ወደቀ፣ ፊርማ።

ጋሼ፦ በአብዛኛው እንዲያ ነው፤ እዚህ ላይ ረትተሽኛል። ፎርም የሞላ ሁሉ ፈታኝ አይሆንም። ልዩነቱ የወደቀው ናሙና ቅርጫት ከገባ በኋላ ይታያል፦ አንዱ ቀጣዩን ያነሳል፣ ሌላው ከቅርጫቱ አውጥቶ የተበጠሰበትን ጫፍ በማጉያ መነጽር ያያል። ለዚህ ፓስፖርት አይጠየቅም።

ጠያቂ፦ እንግዲያስ ከምን ልጀምር?

ጋሼ፦ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ ቀጫጭኖቹን የመዳብ ክሮች አውጪ። እንደ ወንፊት አጠላልፊያቸውና በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሪያቸው። በቴስተር ከዳር እስከ ዳር ስንት ኦም እንደሆነ ለኪ፤ ሙቀቱንና ሰዓቱንም ጻፊ። ጥቂት አላልተሽ ለኪ፤ አጥብቀሽ ለኪ። ከዚያ ሐይቁ አጠገብ ለእርጥበቱ ተዪውና በሳምንቱ ተመለሺ።

ጠያቂ፦ ቁጥሩ ተለውጦ ካገኘሁትስ?

ጋሼ፦ መረቡን ከመክሰስሽ በፊት የቴስተሩን መቆንጠጫ ጥረጊና እንደገና ለኪ።