ብሩህ ገጽና መልካም ጨዋታ

ሰው ከሰው ጋር ሲገናኝ አስቀድሞ የሚሰጠው ቃሉን ወይም ገንዘቡን ሳይሆን ፊቱን ነው። እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ በተጣራ ጊዜ፥ የቤቱ ባለቤት በአፉ «ይግቡ» ከማለቱ በፊት ፊቱ ወይ «እንኳን መጡ» ወይ «ምን አመጣዎት?» ብሎ ጨርሷል። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው የተረቱት ይህን አይተው ነው። ማዕዱ የቱንም ያህል ቢሟላ የአቅራቢው ፊት ከጠቈረ የእንግዳው ጉሮሮ ይዘጋል፤ ደረቅ እንጀራም በፈገግታ ከቀረበ ይጥማል። እንግዲህ ብሩህ ገጽ ደስ ባለን ቀን ብቻ የምናሳየው የጠባይ ጌጥ ሳይሆን፥ ለባልንጀራችን ልንከፍለው የሚገባ ዕዳ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ቅዱሳት መጻሕፍት የፊትን ነገር አቃልለው አያልፉትም። ቃየን በወንድሙ ላይ እጁን ከማንሣቱ አስቀድሞ የጠቈረው ፊቱ ነበር (ዘፍ. 4፥5)። ያዕቆብም የአጎቱ የላባ ልብ እንደ ተለወጠበት ያወቀው፥ ላባ ራሱ አንዳች ቃል ሳይናገረው፥ ፊቱ እንደ ቀድሞው አለመሆኑን አይቶ ነው (ዘፍ. 31፥2)። ያው ያዕቆብ ብዙ ዘመን የፈራውን ወንድሙን ዔሳውን ባገኘ ጊዜ ግን፥ ዔሳው ሮጦ አቅፎ ስለ ተቀበለው፥ የወንድሙን ፊት ማየት የእግዚአብሔርን ፊት እንደ ማየት ሆነለት (ዘፍ. 33፥4-10)። አንዱ ፊት ሰውን ከቤት ያስወጣል፤ ሌላው ፊት የተጣሉትን ያስታርቃል።

ምናልባት «ልቤ አዝኖ ሳለ ፊቴ እንዴት ይበራል? ይህስ ግብዝነት አይሆንምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆነን ዮሴፍ ነው። ዮሴፍ በወንድሞቹ የተሸጠ፥ በሐሰት ተከስሶ በግብፅ የታሰረ ሰው ነበር፤ ከእርሱ ይልቅ ለማዘን ምክንያት የነበረው ማን ነው? ነገር ግን አንድ ቀን ጧት አብረውት የታሰሩትን ሁለቱን የፈርዖን ሹማምንት ባየ ጊዜ የፊታቸውን መጠውለግ አስተዋለና ምን እንዳሳዘናቸው ጠየቃቸው (ዘፍ. 40፥6-7)። የዮሴፍ ከእስር ቤት መውጣት የተጀመረው በዚህች አጭር ጥያቄ ነው። ስለዚህ ብሩህ ገጽ ማለት ሐዘን የሌለበት ሰው ፊት ማለት አይደለም፤ ከራሱ ሐዘን ቀና ብሎ የባልንጀራውን ፊት የሚያይ ሰው ፊት ማለት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ መንፈሳዊነት ግንባርን ማኰሳተር ይመስላቸዋል፤ ሳቅ የተሰማበትን ቤት ሁሉ የኃጢአት ቤት አድርገው ይቈጥራሉ። በእርግጥ ስለ ኃጢአት ማልቀስ የንስሓ መንገድ ነው። ነገር ግን ያ እንባ በእግዚአብሔር ፊት የሚፈስስ እንጂ ሰውን የምናስደነግጥበት አይደለም። ጌታችን የሚጾሙ ሰዎች ፊታቸውን እንዳያጠወልጉ፥ ይልቁንም ታጥበውና ተቀብተው እንዲታዩ ያስተማረው ስለዚህ ነው (ማቴ. 6፥16-18)። ሐዋርያው ጳውሎስም ምሕረትን የሚያደርግ ሰው በደስታ እንዲያደርገው መክሯል (ሮሜ 12፥8)፤ በቍጣ የተሰጠ ምጽዋት የተቀባዩን እጅ ቢሞላም ልቡን ያቈስላልና።

የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስም ለዚህ ምስክር ነው። ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ እርሱ እንደ ጻፈው፥ እንጦንስ ሃያ ዓመት ያህል ዘግቶ ከኖረበት ቦታ በወጣ ጊዜ ሰዎች ያገኙት በሐዘን የጠወለገ ወይም በሳቅ የሚፈነጥዝ ሰው ሳይሆን ልቡ የተረጋጋ ሰው ነበር። በተራራ ኖሮ ቢያረጅም ጠባዩ ሻካራ አልነበረም፤ ንግግሩ ለዛ ነበረው። በብዙ መነኮሳት መካከል ሳለ እንኳ ቀድሞ አይቶት የማያውቅ ሰው ከፊቱ ደስታ የተነሣ ለይቶ ወደ እርሱ ይሄድ ነበር።

በአበው ዜና የሚነገር ሌላ ታሪክም አለ። አንድ አዳኝ ቅዱስ እንጦንስ ከወንድሞች ጋር ሲጫወት አይቶ ቅር ተሰኘ። ቅዱሱም ቀስቱን እንዲገትር አዘዘው፤ ገተረ። ደግሞ አብዝቶ እንዲገትር አዘዘው። አዳኙ ከልክ ያለፈ ቀስት እንደሚሰበር በነገረው ጊዜ፥ ወንድሞችም ያለ ዕረፍት ቢወጠሩ እንደዚሁ እንደሚሰበሩ አስረዳው። ከዚህ እንደምንረዳው ጨዋታ ለደከመ ሰው የተሰጠ ዕረፍት ነው። ይሁን እንጂ ዕረፍት ልክ አለው፤ ሁልጊዜ የረገበ ቀስትም ፍላጻ አይወረውርም።

የሀገራችን ሰው ይህን ስለሚያውቅ እንግዳ ተቀብሎ ካስቀመጠ በኋላ «ይጫወቱ» ይላል። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ከለዛ የራቁ አልነበሩም። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው የታወቁትን ያህል በትምህርታቸውም የተከበሩ ነበሩ፤ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም ከእሳቸው እንደ ተገኘ ይነገራል። ዕውቀትና ጨዋታ በአንድ ሰው ላይ ያለ ጠብ ሊያድሩ እንደሚችሉ ከዚህ እንረዳለን።

ሆኖም ጨዋታ ሁሉ መልካም አይደለም። ጨዋታ ሌላ፥ ፌዝና ሽሙጥ ሌላ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ባልንጀራውን ካታለለ በኋላ «በቀልድ ነው» የሚለውን ሰው የሚገድል ፍላጻ ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል (ምሳ. 26፥18-19)። መልካሙን ከክፉው የምንለይበት መመዘኛ ቀላል ነው፤ የተቀለደበት ሰው አብሮን ከልቡ መሳቅ ይችላልን? በሌለበት የተነገረውን በፊቱ ለመድገም እንደፍራለንን? የአካል ጕድለትን፥ ድኅነትን፥ ዘርን ወይም የእጅ ሥራን መሳቂያ የሚያደርግ ቀልድ ይህን መመዘኛ አያልፍም።

የእጅ ሥራን ነገር ለይተን ብናነሣ፥ በሀገራችን ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ሸክላ የምታበጀው ሁሉ ብዙ ዘመን የመሳለቂያ ስም ተሸክመው ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ሲከለክሉ፥ ከብረት ሠሪውና ከሸማኔው ጋር የሚጽፈውና ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ሰው ስድብም ተጠቅሶ ነበር። እንግዲህ በአንጥረኛው ስም የሚስቅ ሰው፥ በሌላ ማዕድ ላይ በእርሱም ስም እንደሚሳቅ ይወቅ። ቀልዱ ለተናጋሪው የአንድ ምሽት ሳቅ ነው፤ ለተነገረበት ግን ከልጆቹ ጋር የሚኖር ቍስል ነው።

ብሩህ ገጽ በተለይ የሚፈተነው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የራሳችን ቤት ነው። ብዙ ሰው በመሥሪያ ቤት ለአለቃው፥ በገበያ ለደንበኛው፥ በማኅበር ለጽዋ ተካፋዩ ፈገግታውን ሲያድል ይውልና፥ ማታ ለሚስቱና ለልጆቹ የተረፈውን ድካምና ዝምታ ብቻ ይዞ ይገባል። በዘመናችን ደግሞ አባት ከልጁ ጋር በአንድ ሶፋ ተቀምጦ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ ለጥያቄው «እሺ፥ እሺ» ብሎ ይመልሳል። ልጅ የአባቱን ፊት ፈልጎ ያጣ እንደ ሆነ ሌላ ፊት ፍለጋ ይወጣል። ሚስትም ባሏ ለሌሎች የሚስቀውን ሳቅ ከሩቅ መስማቷ ከስድብ አያንስባትም። ለውጭ ሰው ደግ፥ ለቤተ ሰብ ኰስታራ መሆን ዕዳን ለማያበድረን ከፍሎ አበዳሪን እንደ መርሳት ነው።

ሁለተኛው ቦታ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው። ብዙ ዓመት ርቆ የኖረ ወጣት ልቡ ተነክቶ ወደ ንስሓ አባቱ ይመጣል፤ እንዴት እንደሚጀምር እንኳ አያውቅም። አባትየው «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» ብለው በቍጣ ቢቀበሉት፥ ወይም በደጀ ሰላም የቆሙት ምእመናን አለባበሱን አይተው ቢጠቃቀሱበት፥ ያ ወጣት የሰማው ስብከት ያ ብቻ ይሆናል። ተመልሶ ሄዶ ባይመጣ ማን ይጠየቃል? የጠፋው ልጅ አባት ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አቀፈው፤ በቍጣ ከደጅ ቆሞ አልገባም ያለው ግን ከቤት ያልወጣው ታላቅ ወንድሙ ነበር (ሉቃ. 15፥20-28)። ተግሣጽ ጊዜ አለው፤ የመጀመሪያው ጊዜ ግን የመቀበል ጊዜ ነው።

ደግነት ጊዜውን ማወቅ እንደሚገባው ሕዝባችን በለቅሶ ቤት ያሳየናል። ለቅሶ ደራሹ በመጀመሪያ አብሮ ያለቅሳል። ቀናት ሲያልፉ ግን ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀምጠው ሐዘንተኛውን ቀስ እያሉ ያጫውቱታል፤ እህል እንዲቀምስ ይለምኑታል። በመጀመሪያው ሰዓት ቢቀልዱ ጭካኔ ይሆን ነበር፤ በኋላም ዝም ቢሉት እንደዚሁ። ጊዜውን ጠብቆ የተነገረ ጨዋታ ሐዘንተኛውን ወደ ሕያዋን ማዕድ ይመልሰዋል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ለድኻ የሚሰጠው ገንዘብ የሌለው ሰው ብዙ ነው፤ የሚሰጠው ፊት የሌለው ግን የለም። ዛሬ ወደ ቤታችን ስንገባ ከደጁ ጥቂት ቆም ብለን የቀኑን ድካም ከውጭ ትተን እንግባ። ስናወጋም በመካከላችን ያለው ሁሉ፥ የሌለውም ጭምር፥ ቢሰማው ደስ የሚለውን እናውጋ። ይህን እናደርግ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።