የጃንደረባው ጥያቄ

በአዲስ አበባ ከመርካቶ አጠገብ ያለው ሰፈር አብነት ይባላል፤ አብነትም ማለት አይተው የሚከተሉት ምሳሌ ማለት ነው። በዚህ ሰፈርም ሆነ በሌላው፥ አካሄዱና አነጋገሩ ከጾታው ጋር አልስማማ ያለውን ሰው «ወንዳገረድ» እያሉ በመንገድ መዝለፍ የተለመደ ነው። ከቅዳሴ የሚመለሰው ክርስቲያንም ከዘላፊዎቹ መካከል ይገኛል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ስለ ጃንደረባው ጥቂት እንነጋገር።

በሙሴ ሕግ (ዘዳ. 23፥1) ስልብ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በምዕራፍ 56፥ ሕጉን ለሚጠብቅ ጃንደረባ ከልጆች ስም የሚበልጥ ስም በእግዚአብሔር ቤት እንደሚሰጠው ተናገረ። የንግሥት ህንደኬ ጃንደረባ፥ በአበው ትውፊት ባኮስ የተባለው፥ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ያነብ የነበረው ይህንኑ ነቢይ ነው (ሐዋ. 8፥26-39)። ያነበበው ስፍራ ምዕራፍ 53 ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የተነገረው ተስፋ ላይ ሊደርስ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ቀርቶት ነበር። ጃንደረባ የሹመት ስም ብቻ ነው የሚሉ መምህራን አሉ፤ የግሪኩ ቃልም ሁለቱን ይይዛል። ነገር ግን ውኃ ባየ ጊዜ ከመጠመቅ የሚያግደው ነገር ይኖር እንደ ሆነ መጠየቁ፥ መከልከልን የለመደ ሰው ያስመስለዋል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አበውም በመጀመሪያው ቀኖናቸው፥ በሕመም ምክንያት በሐኪም ወይም በአረመኔዎች እጅ የተሰለበው በክህነቱ እንዲኖር ፈቀዱ፤ ጤነኛ ሳለ ራሱን የሰለበውን ግን ከለከሉ።

ጃንደረባና ዛሬ ትራንስጀንደር የሚባለው ሰው አንድ ናቸው አልልም፤ ይህኛው በልደቱ የተሰጠው ጾታ የእርሱ እንዳልሆነ የሚናገር ነው። ከደጅ መቆማቸው ግን ያመሳስላቸዋል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1969 በኒው ዮርክ ከተነሣው የስቶንዎል ዐመፅ በኋላ፥ በ1970 ማርሻ ጆንሰንና ሲልቪያ ሪቬራ ቤት ለሌላቸው እንዲህ ላሉ ወጣቶች ማኅበርና መጠለያ አቋቋሙ። በ1973 ግን ሪቬራ በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ሰልፍ ላይ ልትናገር ብትወጣ፥ የጮኹባት የራሷ ወገኖች ነበሩ። ተገፊ ሲገፋ ከማየት የሚከፋ ነገር አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻና ስለ ንጽሕና የምታስተምረው የታወቀ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ አልተነካም። ነገሬ ስለ መንገዱ ነው። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በቀረበ ጊዜ ጃንደረባውን ስለ ሰውነቱ አንዳች እንደ ጠየቀው አልተጻፈም፤ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነው፤ ከዚያም ተጋብዞ ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ።